ሲ ላይ በእጅ የተሠራ ኢንተርፌስና ኢተሬተር ሲያስቸግር

እኔና ጓደኛዬ እዚህ ሀዋሳ ለዓሣ ሻጮች የሚሆን ትንሽ የሚዛን ዕቃ እየሠራን ነው። ሐሳቡ የመጣልን አሞራ ገደል ቆመን የዓሣ ሒሳብ በቃል ሲሰላ ስናይ ነው። ቺፗ ትንሽ ስለሆነች የምንጽፈው በሲ (C) ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው። ሁለታችንም ከጃቫና ከፓይተን የመጣን ነን። ኢንተርፌስ (አንድ ዕቃ ምን ምን መሥራት እንዳለበት የሚዘረዝር ውል) እና ኢተሬተር (ዝርዝርን አንድ በአንድ የሚያስኬድ) ለምደናል፤ ሲ ላይ ግን ሁለቱም የሉም። ስለዚህ በእጃችን ሠራናቸው።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። አንድ ስትራክት (የተለያዩ አባሎችን አንድ ላይ የሚይዝ ጥቅል) ውስጥ ፈንክሽን ፖይንተሮች (የፈንክሽን አድራሻ የሚይዙ) ትደረድራላችሁ፦ «አንብብ»፣ «ዜሮ አድርግ»፣ «ዝጋ»። እያንዳንዱ የሚዛን ዓይነት የራሱን ፈንክሽኖች ይሞላበታል። የሊኑክስ ከርነልም (የስርዓተ ክወናው እምብርት) የተለያዩ የፋይል ሲስተሞችን የሚያስተናግደው በዚሁ ዘዴ ነው። ጣጣው ሌላ ነው። ጃቫ ላይ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ተርጓሚው) የሚቆጣጠርላችሁን ነገር ሲ ላይ ራሳችሁ ትቆጣጠራላችሁ። ከታች ያሉት ችግሮች ሁሉ እኛው ላይ የደረሱ ናቸው።

ምልክት፦ ደህና ሲሠራ ቆይቶ አንድ ቁልፍ ሲነካ ይሞታል

ላፕቶፕ ላይ «ሴግሜንቴሽን ፎልት» (ያልተፈቀደ ሜሞሪ ተነካ) ይላል። ቺፗ ግን ምንም አትልም፤ ድርቅ ትላለች ወይም እንደ አዲስ ትነሳለች። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ያልተሞላ ፈንክሽን ፖይንተር ነው። ሲ99 ከሚባለው የሲ ስሪት ወዲህ ስትራክትን የአባሎቹን ስም እየጠራን መሙላት እንችላለን። ስሙ ያልተጠራ አባል ዜሮ ይሆናል፤ ፖይንተር ከሆነ ነል፣ ማለትም የትም የማያመለክት ይሆናል። እኛ ለሁለተኛው ሚዛን «ዜሮ አድርግ»ን ረስተን ነበር። ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር ደግሞ በስም የተሞላ ስትራክት ላይ ለጎደለ አባል አያስጠነቅቅም።

መፍትሄ፦ ሚዛን የሚመዘገብበት አንድ ፈንክሽን ይኑራችሁ። ፖይንተሮቹን አንድ በአንድ ይፈትሽ፤ ነል ካገኘ እዚያው በአሰርት (ሁኔታው ካልተሟላ ፕሮግራሙን በሚያቆም ፍተሻ) ይቁም። ገበያ መሃል ከሚሞት ገና ሲነሳ ቢሞት ይሻላል።

ምልክት፦ የማይመስል ክብደት ይወጣል

ሁለት ኪሎ ቆሮሶ አስቀምጠን ስክሪኑ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ አሳየን። ጓደኛዬ ሴንሰሩን ጠረጠረ፤ ግማሽ ቀን ሽቦ ስንነካካ ዋልን። ጥፋቱ ግን የኔ ነበር። ከአንድ ቀን በፊት የሚዛኑ ስትራክት ላይ አዲስ አባል ጨምሬያለሁ፤ ያውም ከኢንተርፌሱ በላይ። ከኢንተርፌሱ ወደ ሚዛኑ የምንመለሰው ደግሞ በካስት (ያንኑ አድራሻ የሌላ ዓይነት ነው በማለት) ብቻ ነበር። የሲ ስታንዳርድ የስትራክቱና የአባሉ አድራሻ አንድ ነው የሚለው ለመጀመሪያው አባል ብቻ ነው።

መፍትሄ፦ ኢንተርፌሱን ሁልጊዜ መጀመሪያ አስቀምጡ። አንድ መስመር ስታቲክ አሰርት (ኮምፓይል ሲደረግ የሚፈተሽ አሰርት) ጨምሩና «የዚህ አባል ኦፍሴት (ከስትራክቱ መጀመሪያ ያለው ርቀት) ዜሮ ነው» በሉት። ከሲ11 ጀምሮ ይህ ቋንቋው ውስጥ አለ፤ ቦታው ሲቀየር ኮዱ ኮምፓይል አያደርግም። አንድ ስትራክት ሁለት ኢንተርፌስ ካለው ግን ሁለቱም መጀመሪያ ሊሆኑ አይችሉም። ያኔ ከአባሉ አድራሻ ላይ ኦፍሴቱን ቀንሶ የባለቤቱን አድራሻ የሚሰጥ ማክሮ (ኮምፓይል ከመደረጉ በፊት በኮድ የሚተካ ስም) ያስፈልጋል። ከርነሉ «ኮንቴይነር ኦፍ» የሚለው እሱን ነው።

ምልክት፦ ሉፕ ውስጥ ዕቃ ስናጠፋ አንዳንዴ ይወድቃል

«አንዳንዴ» የምትለዋን አትናቁ። ሁልጊዜ የሚወድቅ ባግ ዕዳው ገብስ ነው።

የባጃጅ ተራ አስቡ። እያንዳንዱ ሹፌር ከኋላው ማን እንዳለ ያውቃል። ተራ አስከባሪው የፊተኛውን «ሂድ» ብሎ ከሸኘው በኋላ «ከኋላህ ማነው?» ቢለው የሚመልስለት የለም፤ ሰውየው ሄዷል። የእኛም ኢተሬተር የሚያደርገው ይህንኑ ነበር። መጀመሪያ ፍሪ ያደርጋል፣ ማለትም ሜሞሪውን ይለቃል፤ ከዚያ ከተለቀቀው ሜሞሪ ላይ «ቀጣይ»ን ያነባል። ቦታው ገና በሌላ ካልተያዘ ትክክለኛ መልስ ሊሰጥ ይችላል። ለዚህ ነው አንዳንዴ ብቻ የሚወድቀው።

መፍትሄ፦ መጀመሪያ ቀጣዩን ጠይቁና ያዙ፤ ከዚያ የፊተኛውን ሸኙ። ከርነሉ ለዚህ ሲል ሊስት መዞሪያ ማክሮዎቹን ሁለት ሁለት አድርጓቸዋል፤ ለማጥፋት የሚሆነው ስሙ መጨረሻ ላይ «ሴፍ» ይላል። ግን ስሙ አያታላችሁ። የሚያድነው አሁን የቆማችሁበትን ስታጠፉ ነው። የያዛችሁትን ቀጣይ ራሱን ካጠፋችሁ ያው ገደል ነው።

የዚህ ዘመድ የሆነ ሌላ አለ፦ ሉፑ ካለቀ በኋላ የሉፑን ተለዋዋጭ መጠቀም። የምትፈልጉት ካልተገኘ ተለዋዋጩ ትክክለኛ ዕቃ ላይ አይደለም። የከርነል ሠሪዎችም በዚሁ ተቸግረው ነበር። በ2022 በሊኑክስ 5.18 ከድሮው ሲ89 ወደ ሲ11 የተሻገሩበት ዋና ምክንያት፣ ተለዋዋጩን ፎር ሉፑ ውስጥ አውጀው ከውጭ እንዳይታይ ለማድረግ ነው። እናንተም እዚያው ውስጥ አውጁት። የተገኘውን ነል ብሎ በሚጀምር ሌላ ፖይንተር ያዙ።

ምልክት፦ ብሬክ ሉፑን አያቋርጥም

ሊስት መዞሪያ ማክሮው ውስጥ ሁለት ፎር ሉፖች ተደብቀዋል፤ ብሬኩ ከውስጠኛው ብቻ ያወጣል። ማክሮውን በአንድ ፎር ጻፉት።

ምልክት፦ ስለ ፈንክሽን ዓይነት ማስጠንቀቂያ ይመጣል

እኛ በካስት አፉን አስያዝነው። አታድርጉት። ባልተመሳሰለ ዓይነት የተጠራ ፈንክሽን ምን እንደሚያደርግ ሲ ዋስትና አይሰጥም። ፈንክሽኑ ቮይድ ፖይንተር (ዓይነቱ ያልተገለጸ ፖይንተር) ይቀበል፤ ወደ ራሱ ዓይነት መቀየሩን ውስጥ ገብቶ ይሥራ።

ከእነዚህ ውስጥ የፍሪውን ባግ ያጋለጠልን አድሬስ ሳኒታይዘር ነው። ጂሲሲም ክላንግም ላይ አለ። ሜሞሪው የት እንደተለቀቀና የት እንደተነካ በመስመር ቁጥር ይነግራችኋል። እኛ ቺፕ ላይ ግን አይሠራም። ስለዚህ ኢንተርፌሱን የሚሞላ የውሸት ሚዛን ጻፍን፤ ሁልጊዜ ሁለት ኪሎ ብቻ ይመልሳል። አሁን ማታ ማታ ዓሣም ቺፕም ሳንይዝ ላፕቶፕ ላይ ስንመዝን እናመሻለን።