«ሰማይ ማየት ነው» ተብሎ የሚገባበት ኮርስ፦ በመግቢያ አስትሮኖሚ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ሕግ፣ ታሪክ ወይም አካውንቲንግ የሚያጠና ተማሪ አንድ የሳይንስ ኮርስ ማሟላት ግዴታ ሲሆንበት ዝርዝሩን አንድ በአንድ ያያል። ከፊዚክስ ጋር ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ተኳርፏል። ኬሚስትሪ ያስፈራዋል። ባዮሎጂ ሽምደዳ ይመስለዋል። አስትሮኖሚ ላይ ሲደርስ ግን እፎይ ይላል፤ «ከዋክብት እያየሁ ክሬዲቴን እይዛለሁ» ብሎ ይመዘገባል። እኔም እንዲሁ ብዬ ገብቼ በመጀመሪያው ኩዊዝ ከ20 ያገኘሁት 7 ነበር። በኋላ ይህንኑ ኮርስ የሚወስዱ ተማሪዎችን ሳስጠና ያስተዋልኩት፣ አብዛኞቹ የሚሰናከሉት ትምህርቱ ከአቅማቸው በላይ ሆኖ ሳይሆን ሌላ ኮርስ ጠብቀው ስለሚመጡ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የከዋክብት ስም ማጥናት ነው ብሎ መግባት

የኅብረ ከዋክብት ስምና ሰማዩ ላይ ያላቸው ቦታ ቢበዛ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ይይዛል። ከዚያ ስበት፣ ብርሃን፣ አቶም ይመጣል። ተማሪውም «ይሄ እኮ ፊዚክስ ነው!» ብሎ ይደነግጣል። አዎ፣ ነው። ሌላ ሊሆንም አይችልም። ከፀሐይ ቀጥሎ ቅርባችን የሆነው ኮከብ እንኳ ከ4 የብርሃን ዓመት በላይ ይርቃል፤ ሄዶ ናሙና ያመጣ ሰው የለም። ስለ ከዋክብት የምናውቀው ከሞላ ጎደል ሁሉም ከብርሃናቸው የተነበበ ነው።

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ኦጉስት ኮምት በ1835 ከዋክብት ከምን እንደተሠሩ የሰው ልጅ ፈጽሞ ሊያውቅ እንደማይችል ጽፎ ነበር። ሩብ ምዕተ ዓመት ሳይሞላ፣ በ1859፣ ጉስታቭ ኪርሆፍና ሮበርት ቡንዘን እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በብርሃን ውስጥ የራሱ የሆኑ መስመሮች እንዳሉት አሳዩ። በ1868 ደግሞ በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ከየትኛውም የታወቀ ንጥረ ነገር ጋር የማይገጥም መስመር ታየ። ባለቤቱ ሂሊየም ተባለ፤ ፀሐይ በግሪክኛ ሄሊዮስ ናትና። እዚሁ ምድር ላይ ተለይቶ የተገኘው ከ27 ዓመት በኋላ፣ በ1895 ነው። የስፔክትረም (ብርሃን በየቀለሙ ተበትኖ ሲታይ) ምዕራፍ ደርቆ ሲታያችሁ ለመዝለል አትቸኩሉ፤ ከሚድ በኋላ የሚመጣው ሁሉ እሱ ላይ ይቆማል።

እግረ መንገዴን፦ አንዳንድ ዲፓርትመንት የሚጠይቀው ላብ (የላቦራቶሪ ክፍለ ጊዜ) ያለው የሳይንስ ኮርስ ነው። ላብ የሌለውን ወስዶ ለመመረቅ ሲቃረብ «አልተሟላም» የተባለ ሰው አውቃለሁ። ከመመዝገባችሁ በፊት አማካሪያችሁን ጠይቁ።

ሒሳቡን መናቅ፣ ወይም ከልክ በላይ መፍራት

ካልኩለስ የለም። ያለው ንጽጽርና የ10 ኃይል ነው፤ ግን ሳያቋርጥ ይመጣል። ሁለት ከዋክብት እኩል ብርሃን ቢረጩና አንዱ ሦስት እጥፍ ቢርቅ፣ የራቀው ስንት እጥፍ ደብዝዞ ይታያል? ሦስት ያለ ተሳስቷል፤ ዘጠኝ ነው፣ ብርሃን የሚደክመው በርቀቱ ካሬ ስለሆነ። የፕላኔትን ርቀት ፀሐይን ለመዞር ከሚፈጅበት ጊዜ ጋር የሚያያይዘው የኬፕለር ሦስተኛ ሕግም እንዲሁ በካልኩሌተር የሚያልቅ ነው። ጁፒተር ከፀሐይ ያለው ርቀት የምድር 5.2 እጥፍ ነው። 5.2 × 5.2 × 5.2ን አስሉ፣ 140.6 ገደማ ይመጣል። የዚህ ካሬ ሥር 11.86 ነው፤ ጁፒተር ፀሐይን አንዴ ለመዞር የሚፈጅበት ዓመት ማለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳሰላው ትክክል መምጣቱን ማመን አቅቶኝ ደግሜ አስልቼዋለሁ።

ነጥብ የሚበላው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሕጉን አለማወቅ አይደለም። አንደኛው ሌባ ካልኩሌተሩ ነው። የብርሃንን ፍጥነት፣ 3 × 10⁸ ሜትር በሰከንድ፣ ለማስገባት 3፣ የማባዣ ምልክት፣ 10፣ ከዚያ የኤክስፖነንቱን ቁልፍ (EXP ወይም EE የሚለውን) እና 8ን የሚጫን ተማሪ 3 × 10⁹ ያገኛል። ቁልፉ ራሱ «ሲባዛ በ10» የሚለውን በውስጡ ይዟል፤ ስለዚህ 3፣ ቁልፉ፣ 8፣ በቃ። ሁለተኛው ሌባ ዩኒት ነው፤ ኪሎሜትርና ሜትር ተደባልቀው መልሱ በሺህ እጥፍ ይስታል። አንድ የማስጠናው ልጅ አንድን ኮከብ 40 ኪሎሜትር ርቀት ላይ አስቀምጦልኝ ነበር። መልሱን ከመስጠታችሁ በፊት ቁጥሩን እዩትና «ይሄ ያስኬዳል?» በሉ። ለማነጻጸሪያ የሚሆኑ ጥቂት ቁጥሮች በቃል ይኑሯችሁ፦ ከምድር እስከ ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎሜትር ያህል፣ አንድ የብርሃን ዓመት 9.46 ትሪሊዮን ኪሎሜትር። የብርሃን ዓመት ርቀት ነው፤ ስሙ «ዓመት» ስላለው ብቻ በየሴሚስተሩ ጊዜ ነው ብሎ የሚመልስ አይጠፋም።

«ይሄንንማ አውቀዋለሁ» ማለት

ከሁሉ የከፋው ይህ ይመስለኛል፤ የማናውቀውን እናጠናለን፣ እናውቀዋለን ያልነውን ግን አልፈነው እንሄዳለን።

ክረምትና በጋ ለምን ይፈራረቃሉ ሲባል ብዙ ሰው ምድር ለፀሐይ ስትቀርብና ስትርቅ ነው ይላል። ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በጃንዋሪ መጀመሪያ ነው፣ 147 ሚሊዮን ኪሎሜትር ያህል። በጣም የምትርቀው በጁላይ መጀመሪያ፣ 152 ሚሊዮን። በጃንዋሪ ደግሞ ሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በብርድ ወራት ውስጥ ነው! ምክንያቱ ርቀት ቢሆን ሰሜኑም ደቡቡም አብረው በሞቁ፣ አብረው በቀዘቀዙ ነበር። ምክንያቱ የምድር ዛቢያ 23.5 ዲግሪ ያህል ማጋደሉ ነው። ወደ ፀሐይ ያዘነበለው ንፍቀ ክበብ ቀኑ ይረዝማል፣ ፀሐይም ከፍ ብላ ቀጥ ያለ ጨረር ትሰጠዋለች።

የጨረቃም ነገር እንዲሁ ነው። ጨረቃ የምትጎድለው የምድር ጥላ አርፎባት ነው የሚል ተማሪ ሁልጊዜ አለ። ግማሽ ጨረቃ ስትታይ ጨረቃና ፀሐይ ሰማዩ ላይ በ90 ዲግሪ ተለያይተው ነው ያሉት፤ የምድር ጥላ ደግሞ የሚወድቀው ከፀሐይ ተቃራኒ አቅጣጫ ነው። እንዴት ይደርስባታል? ጥላችን የሚያገኛት በሙሉ ጨረቃ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኔ ግርዶሽ ይሆናል። ምሕዋሯ በ5 ዲግሪ ያህል ስለሚያጋድል በየወሩ አይሆንም እንጂ።

ይህን በማንበብ ብቻ ለመረዳት አትልፉ። ክፍሉን አጨልሙና አንድ አምፖል አብሩ፤ ትንሽ ኳስ እስክሪብቶ ጫፍ ላይ ሰክታችሁ ክንዳችሁን ዘርጉ፣ ኳሱን ከራሳችሁ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ በቀስታ ወደ ግራ ዙሩ። ራሳችሁ ምድር ነው፣ አምፖሉ ፀሐይ። አንድ ዙር ስትጨርሱ «ሙሉ ጨረቃ ስንት ሰዓት ትወጣለች?» ለሚለው የፈተና ጥያቄ ሰንጠረዥ መሸምደድ አያስፈልጋችሁም፤ ከፀሐይ ተቃራኒ ከሆነች ፀሐይ ስትጠልቅ ነዋ የምትወጣው።

የሚመሳሰሉ ቃላትን መደባለቅ

በአማርኛ ለምናስብ ልዩ ወጥመድ አለ። ምድር በራሷ ዛቢያም «ትዞራለች»፣ በፀሐይ ዙሪያም «ትዞራለች»፤ ፈተናው ግን ሁለት የተለያዩ የእንግሊዝኛ ቃላት (rotation እና revolution) ይጠቀማል። እኔ ደብተሬ ላይ የመጀመሪያውን «መሽከርከር»፣ ሁለተኛውን «መዞር» ብዬ ለይቼው ተገላገልኩ። ኮከቡ በእውነት የሚረጨው ብርሃንና ለእኛ የሚታየን ድምቀትም ሁለት ነገር ናቸው።

ተገልብጠው የተሠሩ መለኪያዎችም አሉ። በድምቀት መለኪያው ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ኮከቡ ይደምቃል፦ በሌሊት ሰማይ ከሁሉም ኮከብ የሚደምቀው ሲሪየስ ከዜሮ በታች 1.46 ሲሆን፣ ባዶ ዓይን የሚያየው የመጨረሻው ድብዛዛ 6 አካባቢ ነው። ከዋክብት በሙቀትና በብርሃን የሚደረደሩበት የሄርትስፕሩንግና ራስል ግራፍ ላይ ደግሞ ሙቀቱ የሚጨምረው ወደ ግራ ነው። ግራፉን ከማንበባችሁ በፊት ጣታችሁን ትኩሱ ጫፍ ላይ አድርጉ።

ያረጀ መጽሐፍን በሙሉ ልብ ማመን

የቆየ እትም በርካሽ መግዛት ስህተት አይደለም፤ ኬፕለር አልተለወጠም። ግን ከ2006 በፊት የታተመ ፕሉቶን ከፕላኔቶች ይቆጥራል። የስበት ሞገድ በቀጥታ የተመዘገበው በ2015፣ የመጀመሪያው የጥቁር ጉድጓድ ምስል የወጣው በ2019 ነው። መጽሐፉና ሌክቸሩ ሲጋጩ ሌክቸሩን ያዙ።

የማታ ምልከታውን ለመጨረሻ ሳምንት መተው

ሌላውን አሳይመንት በአንድ ሌሊት ቡና እየጠጡ መጨረስ ይቻላል፤ ይህን አይቻልም። ከሙሉ ጨረቃ እስከ ሙሉ ጨረቃ 29.5 ቀን ነው። ጨረቃን ለአራት ሳምንት ተከታተሉ ከተባለ አራት ሳምንት ያስፈልጋል፣ በመካከሉም ደመና ይኖራል። በተሰጠ ዕለት ማታውኑ ጀምሩ።

ፈጥሮ መሙላትም አያዋጣም። አንድ ተማሪ አዲስ የወጣችውን ቀጭን ጨረቃ እኩለ ሌሊት ላይ እንዳየ ጽፎ አስረከበ፤ እሷ ግን ፀሐይ ከጠለቀች ብዙም ሳትቆይ ተከትላት የምትገባ ናት። መምህሩ ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር መክፈት አላስፈለገውም። ስቴላሪየም የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ተጠቀሙ፣ ግን የት ማየት እንዳለባችሁ ለማወቅ እንጂ በእናንተ ፋንታ እንዲያይ አይደለም።

ስትወጡ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ስጡት፤ በመሃል ስልካችሁን አንዴ ከከፈታችሁ እንደገና ሀ ብላችሁ ትጀምራላችሁ። በቴሌስኮፕ ጋላክሲ ስታዩም ፎቶ ላይ ያያችሁትን ቀለም አትጠብቁ፤ በደብዛዛ ብርሃን ዓይናችን ቀለም ስለማይለይ የሚታየው ግራጫ ጭጋግ ነው። ጁፒተር ግን አያሳፍርም፦ ጋሊሊዮ በ1610 ያገኛቸው አራቱ ጨረቃዎች ጥሩ ባይኖኩላር ጸንቶ ከተያዘ ይታያሉ። ቦታቸውን በነጥብ ሣሉ፣ በማግሥቱም ደግማችሁ ሣሉ፤ መቀያየራቸውን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ሰማዩ ከተዘጋባችሁ ደግሞ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፋችሁ ከጎኑ «ደመና» በሉና ግቡ፤ መምህራን ያንን መስመር ከተፈጠረ ጨረቃ አብልጠው ይቀበሉታል።