ያገለገለ ስልክ ስትገዙ ስክሪኑን እንዲህ ፈትሹ
ፒያሳም ሆነ ሜክሲኮ አካባቢ ያገለገለ ስልክ ልትገዙ ከሆነ፣ ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት ስክሪን ፕሮቴክተሩን አስነሱ። ስንጥቅ የሚደበቀው እሱ ስር ነው። ሻጩ እምቢ ካለ ተዉት፣ ስልክ ሞልቷል።

ሳምሰንግ ከሆነ መደወያው ላይ *#0*# ጻፉ። አብዛኞቹ ላይ የመፈተሻ ገጽ ይከፈታል። ቀለማቱን አንድ በአንድ እየከፈታችሁ መስመርና ጥቁር ነጥብ ፈልጉ። ከዚያ ተች የሚለውን ከፍታችሁ ሳጥኖቹን በጣት ሙሏቸው። ያልተቀባ ሳጥን ከቀረ እዚያ ጋ ተቹ አይሠራም ማለት ነው።

ሌላ ስልክ ላይ የአንድ አፕ ምልክት በጣታችሁ ተጭናችሁ ይዛችሁ ስክሪኑ ላይ በሁሉም ቦታ ጎትቱት፤ ጣታችሁን ሳታነሱ ምልክቱ ካመለጠ እዚያ ጋ ችግር አለ።

ነጭ ፎቶም ክፈቱና ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ጨምሩ። የኪቦርድ ቅርጽ ታትሞ የቀረበት ስክሪን ያኔ ይታያል። ይህን ግን ፀሐይ ላይ ሳይሆን ሱቁ ውስጥ ገብታችሁ እዩ።