ኳሱ አልታዘዝ ሲል፦ የጠረጴዛ ቴኒስ እንጨትና ጎማ ችግሮች ከነመፍትሄያቸው

አዳማ ላይ ፀሐዩ በረድ ሲል ጠረጴዛው ዙሪያ እንሰበሰባለን። ተራ የሚጠብቀው ከሚጫወተው ይበዛል። ተራ ስንጠብቅ ደግሞ ወሬያችን አንድ ነው፤ ራኬት። "ጎማህ ሞቷል፣ ቀይረው" ይላል አንዱ። "ካርቦን ካልያዝክ አይሆንም" ይላል ሌላው። ከዚያ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ይደወላል። ውድ ጎማ ይመጣል። በሁለተኛው ሳምንት ያው ኳስ እዚያው ቦታ ይወድቃል።

ይህ ነገር ያንገበግበኛል። ገንዘቡ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ልጁ ደግሞ ጥፋቱ ሁሉ የእጁ ይመስለውና ጨዋታውን ይተዋል። ከመግዛታችሁ በፊት ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ እንድትለዩ ብዬ ነው የምጽፈው። እንጨት ስል ጎማ የሚለጠፍበትን ከነእጀታው ማለቴ ነው። ጎማ ስል ደግሞ የላዩን ሽፋንና ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ አንድ ላይ ነው።

መጀመሪያ ኳሱንና ጠረጴዛውን ፈትሹ

ራኬቱን ከመውቀሳችሁ በፊት ሁለት ደቂቃ ስጡኝ። ኳሱን ከ30 ሳንቲሜትር ከፍታ ጠረጴዛው ላይ ልቀቁት። በዓለም አቀፉ የጨዋታው ደንብ መሠረት ወደ 23 ሳንቲሜትር ገደማ መንጠር አለበት። በተለያየ ቦታ ሞክሩት። ደጅ የሚያድር ጠረጴዛ ፀሐይና ዝናብ ስለሚፈራረቅበት አንዱ ጥግ ሕይወት ያጣል። እዚያ ጥግ ላይ የሚሞት ኳስ በምንም ጎማ አይድንም።

ኳሱን ደግሞ ጠረጴዛው ላይ እንደ እንዝርት አሽከርክሩት። ከተንገዳገደ ክብነቱ ተበላሽቷል። ደህና ኳስ 40 ሚሊሜትር ስፋትና 2.7 ግራም ክብደት አለው። እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ በትልልቅ ውድድሮች የድሮውን የሴሉሎይድ ኳስ በፕላስቲክ ተክተውታል። የፕላስቲኩ ኳስ የሚሽከረከረው ትንሽ ቀነስ ብሎ ነው። ስለዚህ የድሮ ተጫዋች "ስፒኔ (ለኳሱ የምሰጠው ሽክርክሪት) ጠፋ" ቢል ሁልጊዜ ጎማው አርጅቶ ነው ማለት አይደለም።

ኳሱ ሁሉ ከጠረጴዛው ያልፋል

ከሁሉም በላይ የምሰማው ቅሬታ ይህ ነው። ሦስት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ እጅ፣ ራኬት፣ ወይም አየር።

እጁን ከራኬቱ እንዲህ ለዩ። ጓደኛችሁ ለስለስ ያለ ቶፕ ስፒን (ወደ ፊት የሚሽከረከር ኳስ) ደጋግሞ ይምታላችሁ። እናንተ አትምቱ፤ ራኬቱን ወደ ፊት ትንሽ ደፋ አድርጋችሁ ብሎክ ብቻ አድርጉ፤ ኳሱ ራሱ መጥቶ ራኬቱን ነክቶ ይመለስ። ብሎኩ ጠረጴዛው ላይ እያረፈ፣ ራሳችሁ ስታጠቁ ብቻ ኳሱ ካለፈ፣ ችግሩ የእጅ ነው። ምንም ሳትመቱ ብሎኩ ራሱ ካለፈ ግን ራኬታችሁ ለእናንተ ፈጥኗል። ለማረጋገጥ ቀርፋፋ ራኬት ካለው ሰው ተዋሱና ሩብ ሰዓት ተጫወቱ።

ፍጥነቱ ከየት መጣ? ብዙ ጊዜ ከእንጨቱ ነው። ጎማ ያልተለጠፈበት እንጨት ካገኛችሁ በጣታችሁ አንጓ ኳ ኳ አድርጉት። ቀጭንና ጩኸታም ድምፅ ከሰጠ ደረቅና ፈጣን ነው። ወፍራም፣ ዝቅ ያለ ድምፅ ከሰጠ የሚተጣጠፍና ኳሱን ትንሽ ይዞ የሚለቅ ነው። በደንቡ ቢያንስ 85 በመቶው የተፈጥሮ እንጨት መሆን አለበት። አንዳንዱ እንጨት በንብርብሮቹ መሐል የካርቦን ንጣፍ አለው፤ ንጣፉ ከ0.35 ሚሊሜትር አይበልጥም። እንዲህ ስስ ሆኖ ጸባዩን ግን በደንብ ይለውጠዋል። ካርቦኑ ከውጨኛው ንብርብር ሥር ከተቀመጠ ኳሱ ገና ሲነካ ይወረወራል። ከመሐለኛው እንጨት አጠገብ ከሆነ በቀስታ ስትመቱ እንደ እንጨት፣ በኃይል ስትመቱ እንደ ካርቦን ይሆናል።

አየሩ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ነው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ የባሰ ይሳሳል። የተመታ ኳስ ፍጥነቱ የሚቀንሰው በአየር ግጭት ነው። ቶፕ ስፒን ኳሱን ወደ ታች የሚደፋውም አየሩን እየገፋ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሁለቱም ይቀንሳሉ። ኳሱ ይርቃል፣ ጠረጴዛው ላይ የሚደፋውም ያንሳል። በቪዲዮ "ይህን ከዚህ ጋር ግዙ" የሚለው ሰው ሻንጋይ ወይም ዱሰልዶርፍ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። እነዚያ ከተሞች ከባሕር ወለል ብዙም አይርቁም። እሱ ጋ የሚያርፈው ምት እኛ ጋ ጫፉን አልፎ ይሄዳል። ለውድድር አዲስ አበባ የወጣ የአዳማ ልጅ "ኳሱ በረረብኝ" ቢል አትሳቁበት፤ ወደ ላይ ሲወጣ አየሩ ይበልጥ ይሳሳል።

ስለዚህ የኔ ምክር ግልጽ ነው። ኢንተርኔት ላይ ከተመከራችሁት አንድ ደረጃ ቀርፋፋ ግዙ። ሙሉ በሙሉ እንጨት የሆነ፣ አምስት ንብርብር፣ "ኦልራውንድ" የሚባለው ዓይነት። ስቲጋ ኦልራውንድ ክላሲክ የዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እንጨቱን ለመቀየር አቅም ከሌለ ደግሞ ስፖንጁን አሳንሱ። በቀጣዩ ግዢ ከ2.1 ሚሊሜትር ወደ 1.8 መውረድ ብቻውን ብዙ ኳስ ይመልሳል። እንጨት ለዓመታት ያገለግላል፣ ጎማ ግን በወራት ያልቃል። ገንዘባችሁን አስቀድማችሁ ትክክለኛው እንጨት ላይ አውሉት።

ኳሱ መረብ ላይ ይቀራል፣ በተለይ በባክ ስፒን (ወደ ኋላ እየተሽከረከረ) የመጣው

እዚህ ላይ መጀመሪያ አቧራ፣ ቀጥሎ እርጅና፣ በመጨረሻ የስፖንጅ ጥንካሬ ይታያል።

የአዳማን አቧራና ነፋስ ለአዳማ ሰው መንገር አያስፈልግም። ጎማ ኳሱን ቆንጥጦ የሚያዞረው ገጹ ንጹሕ ሲሆን ነው። ስስ የአቧራ ሽፋን በቂ ነው፣ ኳሱ ይንሸራተታል። በእርጥብ ንጹሕ ስፖንጅ ከላይ ወደ ታች ጥረጉት። ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ኦሞ፣ አልኮልና ቤንዚን አታስጠጉት። ሱሪ ላይ ማሸትም ይቅር። ከጨዋታ በኋላ ፕላስቲክ ለጥፉበትና ማኅደሩ ውስጥ ክተቱት። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ የሚመታው መኪና ውስጥ አትተዉት፤ ሙቀት ጎማን ያለ ዕድሜው ያስረጃል።

ከታጠበ በኋላም ካልተሻለው ኳሱን በመዳፋችሁ ጎማው ላይ ተጭናችሁ ወደ ፊት ግፉት። ደህና ጎማ ኳሱን ይዞ ያስቸግራል። የሞተ ጎማ እንደ መስታወት ያንሸራትታል። መሐሉ ካብረቀረቀ ወይም ከነጣ፣ ዳርና ዳሩ ብቻ እንደ አዲስ ከሆነ፣ ጊዜው አልፏል። በሳምንት ሦስት አራት ቀን የምትጫወቱ ከሆነ ከጥቂት ወራት በላይ አትጠብቁበት።

ጎማው አዲስ ሆኖ ኳሱ መረብ ላይ ከቀረስ? እኔን ይህ ገጥሞኛል። የቻይና ተለጣፊ ጎማ ገዛሁ። የስፖንጁ ጥንካሬ 40 ዲግሪ ይላል። በፊት የነበረኝ የአውሮፓ ጎማ 42 ነበር። አዲሱ ይለሰልሳል ብዬ ደስ አለኝ። ስመታ ግን እንደ ጣውላ ነው። አንድ ወር ሙሉ እጄን ስወቅስ ቆየሁ። ነገሩ መለኪያው የተለያየ መሆኑ ነው። በቻይናው መለኪያ 40 የሆነው በአውሮፓው ወደ 50 ይጠጋል። እንደ ዲኤችኤስ ሀሪኬን 3 ያለ ጎማ ግሩም ስፒን ይሰጣል፤ ግን ከእግርና ከወገብ ተነስቶ በሙሉ ክንድ ለሚመታ ሰው ነው። ምቱ አጭር የሆነ ሰው ኳሱን ስፖንጁ ውስጥ ማስገባት አይችልም። ኳሱ ሳይያዝ ይወድቃል። እንዲህ ከሆነባችሁ በአውሮፓው መለኪያ ከ40 እስከ 45 ያለ መካከለኛ ስፖንጅ ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው "ያሳካ ማርክ ፋይቭ" የተባለ ጎማ እስካሁን የሚመከረው ለዚህ ነው፤ ምትን ያስተምራል፣ ስህተትም አይደብቅም።

አንዱ ገጽ ተስማማኝ፣ ሌላው እምቢ አለ

ይህ የማዛመድ ጉዳይ ነው። ፎርሃንድ፣ ማለትም ራኬት በያዘው እጅ በኩል የሚመታው ምት፣ ሰፊ ቦታ አለው፣ ክንድ ይዘረጋል። ስለዚህ ጠንከር ያለ ጎማ ይሸከማል። ባክሃንድ ከሆድ ፊት ለፊት፣ በአንጓና በክርን የሚመታ አጭር ምት ነው። ለስለስ ያለ ስፖንጅ ይፈልጋል፤ ኳሱ በትንሽ ጉልበት ስፖንጁ ውስጥ ይገባለታል። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ጠንካራ ጎማ ለጥፎ "ባክሃንዴ ደካማ ነው" የሚል ሰው ብዙ አይቻለሁ።

ሌላው ማዛመድ ከእንጨቱ ጋር ነው። ደረቅና ፈጣን እንጨት ከጠንካራ ስፖንጅ ጋር ሲገናኝ ኳሱ የሚያርፍበት ቦታ ያጣል። በጣም የሚተጣጠፍ እንጨት ከለስላሳ ስፖንጅ ጋር ሲሆን ደግሞ ስማሹ (ኃይለኛው ምት) ይሰምጣል። አንዱ ሲጠነክር ሌላው ይለስልስ። ጀማሪ ከሆናችሁ ግን አትጨነቁ፤ በሁለቱም ገጽ አንድ ዓይነት መካከለኛ ጎማ፣ ስፖንጁ 1.8 ሚሊሜትር፣ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል።

ክንዴ ይዝላል፣ ራኬቱ ይዘገያል

ሚዛን ላይ አውጡት። ወርቅ ቤት ወይም ቅመም የሚመዘንበት ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። እንጨት 85 ግራም ገደማ፣ የተቆረጠ ጎማ እያንዳንዱ ከ40 እስከ 50 ግራም ይሆናል። ድምሩ ከ190 ካለፈ ለአብዛኛው ሰው ከባድ ነው። መፍትሄው የባክሃንዱን ጎማ ለስለስና ሳሳ ማድረግ ነው። ጭንቅላቱ ብቻ ከከበደ እጀታው ላይ የቴኒስ ራኬት መጠቅለያ ጠምጥሙ፤ ሚዛኑ ወደ እጃችሁ ይመለሳል።

ድምፁ ተለወጠ

በድንገት የተሰነጠቀ ጣሳ የሚመስል ድምፅ ካሰማ እንጨቱ ተሰንጥቋል ወይም ንብርብሩ ተላቋል። ጎማውን አንስታችሁ ተመልከቱ። ጫፉ ላይ ያለ ትንሽ ስንጥቅ በእንጨት ኮላ ይጠገናል። እጀታው ሥር ያለ ስንጥቅ አይጠገንም።

ዳኛው ራኬቴን ከለከለኝ

በደንቡ አንዱ ገጽ ጥቁር መሆን አለበት። ሌላው ደማቅ ቀለም ይሁን፤ ቀይ ብቻ ነበር፣ እ.ኤ.አ. ከ2021 መጨረሻ ወዲህ ግን አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሮዝና ወይን ጠጅም ተፈቅዷል። ሁለቱም ገጽ ቀይ የሆነ ርካሽ ራኬት ለሰፈር እንጂ ለውድድር አይሆንም። ስፖንጅ ያለው ጎማ ማጣበቂያውን ጨምሮ ከ4 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም።

የጎማው ጠርዝ ተነሳ፣ መሐሉ አረፋ ሠራ

ይህ የማስቲሽ ሥራ ነው። ማስቲሽ ጫማ ላይ ጥሩ ነው። ጎማ ላይ ግን በውስጡ ያለው ፈሳሽ ስፖንጁን ያሳብጠዋል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተራል፣ ጠርዙም ይነሳል። ሲነቀል የእንጨቱን ቆዳ ይዞ ይመጣል። በዓለም ውድድሮች እንዲህ ያሉ ተናኝ ኬሚካል ያላቸው ማጣበቂያዎች እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የታገዱት ለጤና ጠንቅ ስለሆኑ ነው። ነጩ የአናጢ ኮላም አይሆንም፤ አንዴ ከያዘ አይለቅም።

አሮጌውን ጎማ ከእጀታው በኩል ካለው ጥግ ጀምራችሁ በዝግታ አንሱ። እንጨቱ ሲሰነጠር ካያችሁ አቁሙና ከሌላው ጥግ ጀምሩ። የተሰነጠረውን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አድርጉና ስስ ቫርኒሽ ቀቡት፤ አንድ ቀን ይድረቅ። ከዚያ በውሃ የተሠራ የራኬት ማጣበቂያ ውሰዱ። በስፖንጁም በእንጨቱም ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ሲቀባ ወተት ይመስላል። ነጩ ጠፍቶ እስኪጠራ ጠብቁ፤ እርጥቡን ካጋጠማችሁት አረፋው ተመልሶ ይመጣል። ከእጀታው በኩል ጀምራችሁ ጎማውን ሳትስቡ አሳርፉት፣ በጠርሙስ ከመሐል ወደ ዳር አንከባሉበት። ከባድ መጽሐፍ ሥር አሳድሩት። ጠዋት የተረፈውን ጠርዝ በስለታም ምላጭ በእንጨቱ ዙሪያ ቁረጡ።