የየካቲት ስደተኛ ወፎች፦ ተመልካች የሚሳሳትባቸው ነገሮች

አውሮፓና መካከለኛው እስያ ከብርዱ ሳይወጡ፣ በእኛ በጋ መገባደጃ ላይ፣ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆችና በጣና ዳር የከረሙት ወፎች ወደ ሰሜን መነሳት ይጀምራሉ። «ብርቅ ወፍ አየሁ» የሚል ሰው የማይጠፋውም ያኔ ነው። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ወፍ ሆኖ ይገኛል።

ያለ ወቅቱ መፈለግ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለው የበርጋ ረግረግ የምትራባውን፣ በዓለም እጅግ ብርቅ ከሚባሉት አንዷ የሆነችውን ባለ ነጭ ክንፍ ትንሽ ወፍ በየካቲት መፈለግ ልፋት ብቻ ነው። የእሷ ጊዜ ክረምት ነው።

ማልዶ ሰማይ ሰማይ ማየት። ለዳክዬ ንጋት ያዋጣል። ነጭ ሽመላና ንስር ግን ያለ ብዙ ድካም የሚጓዙት መሬት ሞቆ አየሩ ወደ ላይ ሲነሳ ስለሆነ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ብዙም አይጠብቋቸው። ሽመላዎቹ ሰፊ ባሕር መሻገር የማይወዱትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በሱዳን፣ በግብፅና በእስራኤል በኩል ዞረው ያልፋሉ። የቤተ እስራኤል ልጆች ሽመላ ባዩ ቁጥር ስለ ኢየሩሳሌም ደኅንነት መጠየቃቸው እንግዲህ መንገዱን የሳተ አልነበረም።

በመጠን ብቻ መለየት። ራፍ የሚባለው የውኃ ዳር ወፍ ወንዱ ከሴቷ በግልጽ ይገዝፋል፤ አንድ መንጋ ውስጥ ሲታዩ ብዙዎች ሁለት ዝርያ ያደርጓቸዋል። በመጽሐፍ ላይ የሚሳለው ያ የአንገት ጎፈርም የመራቢያ ጊዜ ጌጥ ስለሆነ እዚህ አይጠብቁት።

ቡናማ ንስር ሁሉ አንድ ይመስላል። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ከሩሲያና ከካዛኪስታን ሜዳዎች የሚመጣው የስቴፕ ንስር ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ተመድቧል፤ ዓመቱን ሙሉ እኛው ዘንድ ከሚኖረው ቡናማ ንስር ጋር ደግሞ በቀላሉ ይምታታል። ቆሞ ካገኙት በባይኖኩላር አፉን ይመልከቱ። የአፉ ቢጫ መስመር እስከ ዓይኑ የኋላ ጠርዝ ከደረሰ እንግዳው ነው፤ ዓይኑ መሃል ላይ ከቆመ አገሬው ነው። እየበረረ ከሆነ ከክንፉ ሥር ሰፊ ነጭ መስመር ይፈልጉ፤ ይህ የስቴፕ ንስር ወጣቶች ምልክት ነው። ሁለቱንም ካላዩ «ንስር» ብሎ መጻፍ ነውር የለውም።

ለፎቶ ብሎ ማስነሳት። ለረጅም ጉዞ ስብ የሚያጠራቅምን ወፍ በየአምስት ደቂቃው ማባረር ስንቁን መቀማት ነው።

ቀለበት ያለውን ወፍ መጠራጠር ወይም መያዝ። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ግብፅ ውስጥ መከታተያ የታሰረለት ሽመላ በሰላይነት ተጠርጥሮ እስከ መታሰር ደርሷል። የእግር ቀለበት የጥናት ምልክት ነው። ቁጥሩን ከሩቅ አንብበው፣ ፎቶ አንስተው፣ ለኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ቢያሳውቁ ይጠቅማል።

ቀንና ሰዓት ማደባለቅ። በአብዛኛው ዓመት የካቲት 20 ማለት ፌብሩዋሪ 27 ነው፤ ሳይቀይሩ ኢበርድ በሚባለው የወፍ ምልከታ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ ካስገቡት መዝገቡ በሳምንት ይዛባል። ሰዓቱንም እንዲሁ፤ የጠዋቱን 3 ሰዓት እንዳለ ከጻፉት ሽመላዎ በድቅድቅ ሌሊት ሲንሳፈፍ ይመዘገባል።