ያረጀ ላፕቶፕ፦ ይጠገን፣ ይሸጥ ወይስ ይተካ?

ላፕቶፕዎ መንቀርፈፍ ሲጀምር ወደ ገበያም ሆነ ወደ ጥገና ቤት ከመሄድዎ በፊት ያረጀው የትኛው ክፍሉ እንደሆነ ይለዩ።

1. ሕመሙን ይወቁ። በዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች በአንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱና «ዲስክ» እና «ሜሞሪ» የሚሉትን ዓምዶች ይመልከቱ። ከባድ ሥራ ሳይሠሩ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከቆየ፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሚሽከረከረው አሮጌ ሃርድ ዲስክ ነው። የእኔን ላፕቶፕ ጠዋት አስነስቼ ሻይ አፍልቼ ስመለስ ስክሪኑ ላይ ያለችው ክብ ገና ትዞር ነበር፤ ኤስኤስዲ የተባለውን የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ ካስገባሁለት ወዲህ ግን ለመነሣት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም። የሞላው ሜሞሪው ከሆነ ራም የሚባለውን የሜሞሪ ካርድ መጨመር ይበጃል፤ ሆኖም በብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖችና በአዳዲሶቹ ማክቡኮች ራሙ ከማዘርቦርዱ (ከዋናው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ጋር የተበየደ በመሆኑ መጨመር አይቻልምና አስቀድመው ያረጋግጡ። ጭራሽ አልነሣም ካለ፣ ቮልቱ እኩል የሆነ፣ አምፒሩ ደግሞ ከራሱ ያላነሰ ሌላ ቻርጀር ተውሰው ይሞክሩ። ባትሪው አብጦ የታችኛውን ክዳን ወይም የመዳሰሻውን ሰሌዳ ከገፋው ግን እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፣ ወዲያውኑ ከመብራት ነቅለው ያጥፉትና ባለሙያ እንዲያወጣው ያድርጉ።

2. የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነውን ፕሮሰሰሩን ይመልከቱ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ (የደኅንነት ማሻሻያ) ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር ከ8ኛው ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። በፕሮሰሰሩ ስም ላይ ከ«አይ 5» ቀጥሎ 7200 የሚል ካነበቡ 7ኛ ትውልድ፣ 8250 የሚል ካነበቡ 8ኛ ትውልድ ነው። በሰባተኛው ላይ ብዙ ገንዘብ ማፍሰስ አይመከርም፤ ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ብቻ ከሆነ ግን በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት የተባለው ነፃ ሥርዓት ተጭኖበት ገና ያገለግላል።

3. ዋጋውን ያነጻጽሩ። ሁለት ጥገና ቤቶችን ጠይቀው የተነገረዎትን ዋጋ ተመሳሳይ አቅም ካለው ያገለገለ ላፕቶፕ ዋጋ አጠገብ ያስቀምጡት፤ ከአዲሱ ጋር ካነጻጸሩት ማንኛውም ጥገና ርካሽ መስሎ ይታያል። በእኔ ሚዛን ጥገናው ካገለገለው ላፕቶፕ ዋጋ ግማሽ በላይ ከወሰደ መተካት ይሻላል። መብራት ሄዶ ሲመለስ የተቃጠለ ማዘርቦርድ ደግሞ ዋጋው ቢቀንስም እምብዛም አላምነውም። የሚተኩት ባገለገለ ከሆነ፣ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ፣ 8 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ ያለው ይሁን።

4. ለመሸጥ ከወሰኑ እየሠራ ሳለ ይሽጡት፤ ገዢ አስነሥቶ ያላየውን ዕቃ በመለዋወጫ ዋጋ ነው የሚጠይቀው። ጉድለቱን ሳይደብቁ ይንገሩ። ፋይሎችዎን ከገለበጡ በኋላ ከጉግልና ከቴሌግራም አካውንትዎ ይውጡ፤ ማክቡክ ከሆነ «ፋይንድ ማይ» የሚለውን ማጥፋት አይርሱ፤ አለዚያ ገዢው ተቆልፎበት ይመለስብዎታል። ሃርድ ዲስክን በፈጣኑ መንገድ ፎርማት ማድረግ ብቻውን አይበቃም፤ ፎቶና ሰነድ በቀላል ፕሮግራም ተመልሶ ይወጣልና በዊንዶውስ «ሪሴት» ውስጥ ሁሉንም አጥፍቶ ድራይቩን የሚያጸዳውን ምርጫ ይጠቀሙ።

ማዘርቦርዱ የሞተበትም ቢሆን ስክሪኑ፣ ኪቦርዱና የማይበየደው ራም ለጠጋኞች ይጠቅማሉ፤ ስለዚህ ለቁራሌው ከመስጠትዎ በፊት እነሱን ይጠይቁ፣ ዲስኩን ግን አስወጥተው ቤትዎ ያስቀሩ።