ሴንሰሩ ቢበላሽም ማቀዝቀዙን የማይተው የሙቀት መቆጣጠሪያ አሠራር

የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የታጨቀበት ሳጥን ሲግል ማራገቢያ የሚያስነሳ፣ ሲበርድ የሚያጠፋ ሲስተም መሥራት ከባድ አይደለም። ከባዱ ሴንሰሩ በተበላሸበት ዕለትም ዕቃው እንዳይቃጠል ማድረጉ ነው። ማራገቢያ የሚያስገባው የውጭውን አየር መሆኑን አትርሱ፤ ክፍሉ 32 ዲግሪ ከሆነ ሳጥኑም ከ32 በታች አይወርድም።

አንድ አርዱዊኖ ኡኖ (በኮድ የሚታዘዝ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ)፣ ውኃ የማያስገባ ዲኤስ18ቢ20 የሙቀት ሴንሰር፣ ባለ 12 ቮልት ዲሲ ማራገቢያ፣ 12 ቮልት 1 አምፔር አዳፕተር፣ አይአርኤልዜድ44ኤን ሞስፌት (እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚያገለግል ትራንዚስተር)፣ 1ኤን4007 ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ)፣ እንዲሁም 4.7 ኪሎ ኦም፣ 10 ኪሎ ኦም እና 220 ኦም ሬዚስተሮች ያስፈልጋሉ። በሞስፌቱ ስም ውስጥ ያለችውን «ኤል» ልብ በሉ፤ በ5 ቮልት በደንብ እንደሚከፈት፣ ማለትም ኤሌክትሪክ እንደሚያሳልፍ፣ የምትጠቁመው እሷ ናት። አይአርኤፍ520 የተባለው ሞስፌት ግን በደንብ ለመከፈት 10 ቮልት ስለሚፈልግ፣ ከአርዱዊኖ ሲታዘዝ በከፊል ብቻ ይከፈትና ራሱ ይግላል።

የሴንሰሩን ቀይ ሽቦ ከ5 ቮልት፣ ጥቁሩን ከግራውንድ፣ ቢጫውን ከፒን 2 ጋር አገናኙ። ቀለሙ እንደ አምራቹ ሊለያይ ስለሚችል መጀመሪያ አረጋግጡ። 4.7 ኪሎ ኦሙ በቀዩና በቢጫው መካከል ይገባል፤ እሱ ከተረሳ አርዱዊኖው ሴንሰሩን አያገኘውም።

ሞስፌቱን ጽሑፉን ወደ እናንተ፣ እግሮቹን ወደ ታች አድርጋችሁ ስትይዙት ከግራ ወደ ቀኝ ጌት፣ ድሬን፣ ሶርስ ነው። ፒን 9ን በ220 ኦም በኩል ከጌት፣ ሶርስን ከግራውንድ፣ ድሬንን ከማራገቢያው ኔጋቲቭ ጋር እሰሩ። 10 ኪሎ ኦሙ ከጌት ወደ ግራውንድ ይሄዳል። የማራገቢያው ፖዘቲቭ በቀጥታ ከ12 ቮልት ይመጣል። ዳዮዱ በማራገቢያው ሁለት ሽቦዎች መካከል፣ ነጭ መስመሩ ወደ ፖዘቲቩ ዞሮ ይታሰራል፤ ከተገለበጠ ሞስፌቱ ሲከፈት አዳፕተሩ ሾርት ያደርጋል። የአዳፕተሩና የአርዱዊኖው ግራውንድ ካልተገናኘ ኮዱ ትክክል ቢሆንም ማራገቢያው አይታዘዝም።

ኮዱ ላይ የዋን ዋየርንና የዳላስ ቴምፕሬቸርን ላይብረሪዎች (ሴንሰሩን የሚያነቡ ዝግጁ ኮዶች) ተጠቀሙ። 12 ቢት ንባብ (የሴንሰሩ ከፍተኛ ጥራት) እስከ 750 ሚሊ ሰከንድ ስለሚወስድ በየ2 ሰከንዱ ማንበብ ይበቃል። ማስነሻውን 40፣ ማጥፊያውን 36 ዲግሪ አድርጉ፤ በመካከሉ ያለው እንደነበረ ይቆይ። ሁለቱንም 40 ካደረጋችሁት 39.9 እና 40.1 ላይ እየዋለለ ማራገቢያውን በየንባቡ ያበራል፣ ያጠፋል።

አሁን ዋናው ነገር። ሽቦው ሲበጠስ ላይብረሪው −127 ይመልሳል። ተራ ኮድ ይህን «በጣም ቀዝቅዟል» ብሎ ይረዳውና ማራገቢያውን ያጠፋል፤ ዕቃው የሚቃጠለው ያኔ ነው። ስለዚህ ከምንም በፊት «−127 ከሆነ አብራ» የሚል መስመር ይግባ። ሴንሰሩ ኃይል እንዳገኘ፣ ልኬት ሳይጨርስ ከተነበበ ደግሞ 85 ያሳያል፤ ይህ ማራገቢያውን ያለ ምክንያት ቢያስነሳም ጉዳት የለውም።

ሴንሰሩን ከላይ፣ አየሩ ከሚወጣበት አካባቢ፣ ብረት ሳይነካ አንጠልጥሉት። አየር ከታች ይግባ፣ ከላይ ይውጣ።

ለሙከራ ቁጥሮቹን ለጊዜው ወደ 30 እና 28 አውርዱና ጫፉን በመዳፋችሁ ጨብጡት፤ ክፍሉ ከ28 ዲግሪ በታች ከሆነ ማራገቢያው ሲነሳ፣ ስትለቁትም ከጥቂት ቆይታ በኋላ ሲቆም ታያላችሁ። ከቆመ በኋላ ቢጫውን ሽቦ ንቀሉት። በሚቀጥለው ንባብ ካልተነሳ ሲስተሙን ሳጥኑ ላይ አትግጠሙት፤ ወደ ኮዱ ተመለሱ።