ለስኳር ሕመምና ለልብ ጤና አሰር የበዛበት ማዕድ እንዴት ይሰናዳል?

ባሕር ዳር ውስጥ ስኳር ያለበት ሰው «አሰር ያለው ምግብ ብላ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሮጠው በቆርቆሮ የታሸገ የውጭ አጃ ፍለጋ ነው። ገንዘቡን ይቆጥብ። አሰር (ፋይበር) ማለት ሆዳችን ፈጭቶ የማይጨርሰው የእህልና የአትክልት ክፍል ነው፤ አጃን ያስመሰገነው ቤታ ግሉካን የሚባለው አሰር ደግሞ በገብስም ውስጥ ሞልቷል። ይህ አሰር አንጀት ውስጥ ውሃ ይዞ እንደ አጥሚት ስለሚወፍር ስኳሩ ወደ ደም የሚገባው ዝግ ብሎ ነው። የሐሞት አሲድንም ይዞ ስለሚወጣ ጉበት ምትኩን ለመሥራት ኮሌስትሮልን ከደም ይስባል፤ ለልብ የሚበጀውም በዚህ ነው። ለዚህ ውጤት በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ይበቃል። ጠቅላላው አሰር ግን ለአዋቂ ቢያንስ 25 ግራም እንዲሆን ይመከራል።

መጀመሪያ የእንጀራውን ዱቄት ያስተካክሉ። ዋናው ሥራ ይህ ነው። የፎገራ ሩዝ ቅርባችን ስለሆነ ጤፍ ላይ ሩዝ መቀላቀል ለምደናል፤ እንጀራው ይነጣል፣ ወጪውም ይቀላል። ነጭ ሩዝ ግን አብዛኛውን አሰሩን ከቅርፊቱ ጋር ያጣ እህል ነው። በእሱ ፋንታ ዳጉሳ ወይም ገብስ ይቀላቅሉ፤ ከሩብ ይጀምሩና ቤተሰቡ ሲለምደው ከፍ ያድርጉት። የገብሱ ገለባ ይፈተግ፤ ከተፈጨ በኋላ ግን ዱቄቱን አይንፉት። ወንፊቱ ላይ ቀርቶ ለዶሮ የሚጣለው ቡናማ ቅርፊት እርስዎ የሚፈልጉት አሰር ነው። ደግሞም መጠን አለ፤ ሦስት እንጀራ የሚበላ ሰው ዳጉሳ አያድነውም።

ወጡ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ጎመን ይሁን፤ ይህን ለጾመኛ ቤት መንገር አያስፈልግም።

ተልባ እንደ ዘሩ ከተዋጠ ሳይፈጭ እንደገባ ይወጣል። ስለዚህ አመስ አድርገው ይውቀጡት፤ አንድ የሾርባ ማንኪያውን በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ይጠጡት። ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ግን በመካከሉ ሁለት ሰዓት ያህል ይኑር፤ የሚያዝለገልገው ተልባ መድኃኒቱን ሊያዘገየው ይችላል።

ከስኳር ጋር የተመታውን ስፕሪስ ይተዉትና ዘይቱኑን ከነልጣጩ ይብሉ።

ሁሉንም በአንድ ሳምንት አይጀምሩ፤ ሆድ ይነፋል። ውሃ ካልጨመሩ ደግሞ ድርቀት ይከተላል።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው አመጋገቡን በለወጠባቸው ሳምንታት ስኳሩን አዘውትሮ ይለካ። ልኬቱ ዝቅ ማለት ከጀመረ መዝግቦ ለሐኪሙ ያሳይ እንጂ መድኃኒቱን በራሱ አይቀንስ።